«አዎ» ከማለት በፊት፦ የሊኑክስ ትእዛዞች ለምን ያደናግራሉ?

በታኅሣሥ ወር ብርዱ በበረታበት አንድ ምሽት፣ በሴንት ፖል ከተማ ከዩኒቨርሲቲ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ውስጥ፣ አንድ ላፕቶፕ ለሦስተኛ ቀን ሳይዘጋ በርቶ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። የእድራቸውን መዝገብ በአማርኛ የሚይዙት በዚሁ ማሽን ነው። ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ፣ ላፕቶፑ ደግሞ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ዕድሜው ስላልፈቀደለት፣ የእኅታቸው ልጅ ሊኑክስ ጭኖላቸው ሄደ። በወረቀት ላይም ሁለት ትእዛዞችን ጽፎ «በየሳምንቱ እነዚህን ይጻፉ» ብሎ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈላቸው።

አዛውንቱ የተባሉትን አደረጉ። ማሽኑ ግን በሥራው መካከል ቆሞ አንድ ጥያቄ አቀረበላቸው፤ ከጥያቄው ግርጌም ስድስት የላቲን ፊደላት ደረደረላቸው፦ ዋይ ወይም አይ፣ ኤን ወይም ኦ፣ ዲ፣ ዜድ።

«ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልነካሁትም» አሉኝ ሻይ እየቀዱልኝ። «አርባ ዓመት በሒሳብ ክፍል ስሠራ ያላነበብኩትን ሰነድ ፈርሜ አላውቅም። አሁንስ ለምን እፈርማለሁ?»

«ደግ አደረጉ፣ ጋሼ» ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። በዚህ ሙያ ዓመታት ያሳለፉ ብዙዎች (እኔም ጭምር) ያን ያህል ጥንቃቄ የለንም።

ሊኑክስ ሲነሣ ከሚኔሶታ ጋር የሚያያዘው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 የሊኑክስ ዋና አካል ከሆነው ከርነል ጠባቂዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮዋ-ሃርትማን፣ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ጉድለት ያለበት ማሻሻያ ለሙከራ በመላካቸው፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ማንኛውም አስተዋጽኦ ተቀባይነት እንዳይኖረው አግዶ ነበር። ያ ታሪክ ዓለምን ያነጋገረ የእምነት ጉዳይ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከዚያ ያነሰ የሚመስል፣ ነገር ግን በየቀኑ በየቤቱ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ይኸውም ትእዛዞቹ ራሳቸው የተጻፉበት ቋንቋ ነው።

በሊኑክስ ዓለም አንድ ፕሮግራም የሚመጣው «ጥቅል» ተብሎ ነው። ጥቅሉ ፕሮግራሙን፣ ፕሮግራሙ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ጥቅሎች ዝርዝርና የማዋቀሪያ ፋይሎችን ይይዛል። የማዋቀሪያ ፋይል ማለት ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው፦ የትኛው ማተሚያ፣ የትኛው ቋንቋ፣ የትኛው ሰዓት የሚለው ሁሉ በዚያ ይሰፍራል። እነዚህ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ «ኢቲሲ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ጥቅሎችን የሚያመጣ፣ የሚያድስና የሚያስወግድ ፕሮግራም ደግሞ የጥቅል አስተዳዳሪ ይባላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ «ዲፒኬጂ»ንና በላዩ የተሠራውን «አፕት»ን ይጠቀማሉ። የሬድ ሃት ወገኖች «አርፒኤም»ንና «ዲኤንኤፍ»ን፣ አርች የተባለው ደግሞ «ፓክማን»ን ይዘዋል። ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ የሚናገሩት ቋንቋ ግን አንድ አይደለም።

ከማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፉት ሁለት ትእዛዞች «አፕት አፕዴት» እና «አፕት አፕግሬድ» ነበሩ። አዛውንቱ መዝገበ ቃላት አውጥተው ተመልክተዋል፤ ለሁለቱም ያገኙት ትርጉም «ማሻሻል፣ ማዘመን» የሚል ነው። «አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ለምን ያዝዘኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በአፕት ቋንቋ የመጀመሪያው ትእዛዝ አንድም ፕሮግራም አያሻሽልም፤ በገበያው ያለውን የዕቃ ዝርዝር ብቻ ያድሳል። ዕቃውን ገዝቶ የሚያመጣው ሁለተኛው ነው። ወደ ሬድ ሃት ሠፈር ስንሻገር ግን በዲኤንኤፍ «አፕዴት» እና «አፕግሬድ» አንድና ያው ናቸው፤ ሁለቱም ዕቃውን ያመጣሉ። እንግዲህ በኡቡንቱ ማንም የማይጎዳበት ቃል፣ በፌዶራ ማሽኑን ከእግር እስከ ራሱ ይቀይረዋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ «ዲስት-አፕግሬድ» የሚባል አለ። ስሙን ያየ ሰው ከአንድ የኡቡንቱ ትውልድ ወደ ቀጣዩ የሚያሸጋግር ይመስለዋል። በራሱ ግን ያን አያደርግም፤ ለማደስ ሲባል አንዳንድ ጥቅሎችን መጨመርና ማስወገድ የተፈቀደለት አፕግሬድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አፕት 1.0 ሲወጣ ይህንኑ ሥራ «ፉል-አፕግሬድ» ብለው ጠሩት፤ የተሻለ ስም ነው። ነገር ግን የድሮው ስም አልተሻረም፤ በመመሪያ መጻሕፍትና በድረ ገጾች ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ከዚህ የከፋው የማጥፋት ቤተሰብ ነው። በእንግሊዝኛው «ሪሙቭ»፣ «ኢሬዝ»፣ «ፐርጅ» እና «ክሊን» የሚባሉት አራት ቃላት በአማርኛ አእምሮ ሲደርሱ ከሁለት አይበልጡም፦ ማስወገድ እና ማጽዳት። ማጽዳት ደግሞ በእኛ ዘንድ መልካም ሥራ ነው። እኔ የተሰናከልኩትም በዚሁ ላይ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚህ አገር በመጣሁበት ጊዜ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራችን በተለያዩ ክፍሎች ከተቀመጡ መሣሪያዎች የሚመጣን መረጃ መመዝገብ ሲሆን፣ የሁሉም ሰዓት እኩል መሆን ነበረበት። ሰዓቱን የሚያስተካክለው አንድ የሊኑክስ ማሽን ነው፤ እርሱም ከሳተላይት ሰዓት ከሚቀበል የጂፒኤስ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር። የጂፒኤሱ መልእክት በገመድ ሲመጣ ጥቂት ይዘገያል። ከእኔ በፊት የነበረው ተማሪ ይህን መዘግየት ለሳምንታት ለክቶ፣ ያገኘውን ቁጥር በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ በአንድ መስመር አስፍሮት ነበር።

አንድ ቀን የሰዓቱ ፕሮግራም እምቢ አለ። «አራግፈህ እንደገና ጫነው» የሚለውን የሁላችንንም መድኃኒት ልሞክር ብዬ መመሪያ ስመለከት ሁለት ቃላት አገኘሁ፦ ሪሙቭ እና ፐርጅ። ሁለተኛውን መረጥኩ። በአእምሮዬ የተተረጎመው «አጽዳ» ተብሎ ነበርና፣ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚሄድ የተሻለ ማራገፊያ መሰለኝ። እውነቱ ሌላ ነው። በዲፒኬጂና በአፕት ሕግ ሪሙቭ ፕሮግራሙን አስወግዶ የማዋቀሪያ ፋይሉን ይተዋል፤ ፕሮግራሙ ተመልሶ ሲጫን የቀድሞ ቅንብሩን ያገኛል። ፐርጅ ግን የማዋቀሪያ ፋይሉንም አብሮ ይደመስሳል። ቦታ ለማስለቀቅ የወረዱ ጥቅሎችን ብቻ የሚጠርገው፣ በእኔ አማርኛ «ማጽዳት» ሊባል የሚገባው፣ ክሊን የሚባለው ነው።

ፕሮግራሙ ተመልሶ ሲጫን አዲስና ንጹሕ ፋይል ይዞ መጣ። የጂፒኤሱን መስመር ከመመሪያው አይቼ መልሼ ጻፍኩ፤ የመዘግየቱ ቁጥር ግን መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ማሽኑ ምንም ቅሬታ አላሰማም። ስሕተቱ የታወቀው ከዐሥር ቀናት በኋላ የአንዱ ክፍል መረጃ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ሲል ነው። ያ ተማሪ ወደ አገሩ ተመልሶ ስለነበር ጻፍኩለት። በሁለተኛው ቀን የማስታወሻ ደብተሩን ገጽ ፎቶ ላከልኝ፦ 0.134 ሰከንድ። የዐሥሩን ቀን መረጃ በዚያ ቁጥር አስተካክለን ተረፍን። የሳምንታት ልፋት በአንድ ቃል ጠፍቶ፣ በአንድ ሰው ደብተር ተመለሰ። እንዲያ ዓይነት ደብተር የማይይዝ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ አስባለሁ።

ቃላቱ እንዲህ ካደናገሩ፣ ነጠላ ፊደላቱ ደግሞ የባሱ ናቸው። በዲፒኬጂ ትንሹ «ፒ» ስለ አንድ ጥቅል ያለውን መረጃ አውጥቶ ያሳያል፤ ትልቁ «ፒ» ፐርጅ ነው፣ ይደመስሳል። ትንሹ «ኤል» የጥቅሎችን ዝርዝር፣ ትልቁ «ኤል» በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል። ትንሹ «አይ» ይጭናል፤ ትልቁ «አይ» የጥቅሉን መግለጫ ያነባል። ከማንበብ ወደ መደምሰስ የሚወስደው መንገድ የአንድ ቁልፍ ርቀት ነው።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይናችን የሠለጠነው በእግርና በክንድ ነው፤ «ለ»ን ከ«ሉ» በአንዲት ቅጥያ እንለያለን። የላቲኑ «ፒ» ሲያድግና ሲያንስ ግን ለብዙዎቻችን ያው «ፒ» ነው። በሌላ በኩል አንድ ጽሕፈት በሁለት ንባብ መሄዱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን «ገና አልመጣም» የምንልበትን ቃል፣ አንባቢ የሚለየው ከዙሪያው ነው። የአርፒኤም «አይ»ም እንዲሁ ነው፦ ብቻውን ሲቆም «ጫን» ማለት ሲሆን፣ ከመጠይቁ «ኪው» ጋር ሲጣመር «ስለ ጥቅሉ ንገረኝ» ማለት ይሆናል። ይህን ለተማሪዎች ሳስረዳ በገና ምሳሌ ስጀምር ፈጥነው ይገባቸዋል።

ከአንዱ አስተዳዳሪ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ደግሞ ፊደሉ አገሩን እንደ ለቀቀ ሰው ሙያውን ይቀይራል። «ዋይ» በአፕት «ለጥያቄህ ሁሉ አዎ ብያለሁ» ማለት ነው፤ በፓክማን የዕቃ ዝርዝሩን ማደስ ነው። «ኪው» በአርፒኤም መጠይቅ፣ በአፕት-ጌት ደግሞ ጸጥ በል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ወጥመድ አለ። አፕት-ጌት ወሬ እንዳያበዛ «ኪው»ን ሁለት ጊዜ ደግመው ቢጽፉለት፣ ጸጥ ማለቱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም በ«አዎ» እንዲያልፍ እንደፈቀዱለት ይቆጥረዋል። የመመሪያው ገጽ ይህን ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ዝም እንዲል የጠየቅነው ፕሮግራም በዝምታው ውስጥ በስማችን እንደሚፈርም ማን ይገምታል?

የዚህ ሁሉ ሥር ከሊኑክስ ይቀድማል። ዩኒክስ የተባለው የሊኑክስ አያት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በቤል ቤተ ሙከራ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ሲሠራ፣ ሰው ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው ቴሌታይፕ በሚባል ማተሚያ መሰል መሣሪያ ነበር። ቴሌታይፕ 33 የሚባለው ሞዴል በሰከንድ ዐሥር ፊደል ያህል ብቻ ያትማል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ረጅም ቃል መጻፍ ጊዜ ማባከን ስለነበር፣ ትእዛዝ በሁለት ፊደል፣ አማራጭም በአንድ ፊደል ተወሰነ። የላቲን ፊደላት ደግሞ 26 ብቻ ናቸው። ሲያልቁ ትልልቆቹ ተጨመሩ፤ እነርሱም ሲያጥሩ አንዱን ፊደል እንደ ጎረቤቱ ሁኔታ በሁለት ትርጉም መጠቀም መጣ። ከዚያ የጂኤንዩ ሰዎች በሁለት ሰረዝ የሚጀምሩ ሙሉ ቃላትን አስለመዱ። ዲፒኬጂ እ.ኤ.አ. በ1994፣ አርፒኤም በ1995 ሲመጡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ልማድ ይዘው መጡ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ለራሱ የሚመቸውን ጻፈ።

የመንትያ ከተሞቹ ነዋሪዎች በዚህ ነገር ሌላ መንገድ እንደ ነበር ቢያስታውሱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ማካሂልና ባልደረቦቹ «ጎፈር» የተባለውን የመረጃ መፈለጊያ ሥርዓት ፈጠሩ። ስሙ የዩኒቨርሲቲው መለያ ከሆነው እንስሳ የተወሰደ ነው። ጎፈር ከሰው ትእዛዝ አይጠብቅም ነበር፤ ዝርዝር ያቀርባል፣ ሰው ከዝርዝሩ ይመርጣል፣ ሌላ ዝርዝር ይከፈታል። የሚታወስ ፊደል፣ የሚምታታ ሰረዝ አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲው በ1993 ለአገልጋይ ፕሮግራሙ ክፍያ ሊጠይቅ እንደሚችል ማስታወቁና በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ ድር በነጻ መለቀቁ ጎፈርን አዳከሙት። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር እላለሁ፦ ምርጫውን ለሰው ፊት ለፊት አስቀምጥለት።

ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ከወጡት ሥራዎች ሌላው ተቃራኒውን ያሳያል። ጂኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት በዚያ ተጀምሮ፣ ሲስቲና ሶፍትዌር የተባለ የሚኒያፖሊስ ኩባንያ ያዘው። ኩባንያው በሄንዝ ማውልስሃገን የተጀመረውን ኤልቪኤምንም አሳድጎታል፤ ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ኩባንያውን ገዛው። ኤልቪኤም የጥቅል አስተዳዳሪ አይደለም፤ የዲስክ ቦታን የሚሸነሽን መሣሪያ ነው። ብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ዛሬም በእርሱ ላይ ቆመዋል፤ ሕመሙም ያው ነው። በትልቁ «ኤል» መጠን ሲሰጠው፣ መለኪያ ካልተጻፈ ቁጥሩን በሜጋባይት ይቆጥረዋል፤ በትንሹ «ኤል» ግን ቁጥሩን በቁራሽ ይቆጥራል፤ አንዱ ቁራሽ በተለመደው ቅንብር 4 ሜጋባይት ነው። እናም «10» ብሎ የጻፈ ሰው እንደ ፊደሉ 10 ወይም 40 ሜጋባይት ይጠይቃል። ይህስ ይቅር። ቦታ ለመቀነስ ሲታዘዝ ከቁጥሩ በፊት የመቀነስ ምልክት ካለ «ይህን ያህል ቀንስ» ማለት ነው፤ ምልክቱ ከተረሳ «እስከዚህ ድረስ አሳንሰው» ማለት ይሆናል። ከ500 ጊጋባይት ላይ 10 ሊቀንስ የተነሣ ሰው፣ አንዲት ሰረዝ ረስቶ ማስጠንቀቂያውንም በ«አዎ» ካለፈ፣ 10 ብቻ ይቀረዋል። በቀሪው ውስጥ የነበረው የልጆች ፎቶ ይሁን የእድር መዝገብ ለመሣሪያው ልዩነት የለውም።

«ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ነው እንጂ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 የሆነውን ላስታውስ። በካናዳ የሚኖረው ታዋቂው የቴክኖሎጂ ቪዲዮ አዘጋጅ ላይነስ ሰባስቲያን (የሊኑክስ ፈጣሪ ከሆነው ሊነስ ቶርቫልድስ ጋር በላቲኑ አጻጻፍ ሞክሼ ከመሆን በቀር ዝምድና የለውም) ፖፕ ኦኤስ በሚባለው ሊኑክስ ላይ የጨዋታ ፕሮግራም የሆነውን ስቲምን ሊጭን ሞከረ። በጥቅሉ አደረጃጀት ላይ በወቅቱ ስሕተት ስለነበረ፣ አፕት ስቲምን ለመጫን የማሽኑን መስኮቶችና ሜኑዎች የሚያሳየውን ክፍል በሙሉ ማስወገድ እንዳለበት ወሰነ። ይህንንም በረጅም ዝርዝር አስታውቆ፣ ለመቀጠል «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሙሉውን እንዲጽፍ ጠየቀው። ሰውየው ጻፈ። ማሽኑም እንደታዘዘው አደረገ፤ ሰባስቲያን ጥቁር ማያ ገጽ ፊት ለፊት ቀረ።

ብዙዎች ሳቁበት። እኔ ግን የሚያስቅ አልመሰለኝም። ያ ማስጠንቀቂያ ጨዋታ ልጫን ብሎ ለመጣ ሰው የስም ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ስሞች የትኛው የቤቱ ምሰሶ፣ የትኛው መጋረጃ እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። የአፕት ሠሪዎችም ቢሆኑ «ያነበበ ይድናል» ብለው አልተዉትም። ብዙም ሳይቆይ በወጣው እትም ያ ዐረፍተ ነገር ቀርቶ፣ መሠረታዊ ጥቅልን ማስወገድ የሚሻ ሰው ይህን የሚፈቅድ ረጅም አማራጭ አስቀድሞ በእጁ መጻፍ አለበት።

ለተራ ተጠቃሚ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የልምምድ አማራጭ ነው። አፕት-ጌት ትንሹን «ኤስ» ሲያገኝ የሚያደርገውን ሁሉ ይዘረዝራል እንጂ አንዳች አይነካም። (ይህንኑ ሥራ በአምስት ሌሎች ሙሉ ስሞችም መጥራት ይቻላል፤ ለምን አምስት እንዳስፈለገ አትጠይቁኝ። በዲፒኬጂ ደግሞ ትንሹ «ኤስ» የጥቅልን ሁኔታ መጠየቂያ ነው።) ዲኤንኤፍም ዕቅዱን አሳይቶ ለሁሉም ጥያቄ «አይደለም» ብሎ የሚመልስ አማራጭ አለው። ከዝርዝሩ ውስጥ «የሚወገዱ» የሚለውን ክፍል ማየት ብቻ ብዙ ጥፋት ያስቀራል። አንድ ነገር ልትጭኑ መጥታችሁ ዐሥር ነገር የሚወገድ ከሆነ፣ እጃችሁን ከቁልፉ አንሡ።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ እንመለስ። የእኅታቸው ልጅ ማተሚያው እንዲገኝለት በአንድ የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ነበር። አዲሱ እትም ደግሞ የራሱን የታደሰ ፋይል ይዞ መጣ። ዲፒኬጂ በዚህ ጊዜ በራሱ አይወስንም፤ ባለቤቱን ይጠይቃል። ዋይ ወይም አይ ቢሉት አዲሱን ያስገባል፤ የቀድሞውንም ሌላ ቅጥያ ስም ሰጥቶ በአጠገቡ ያስቀምጠዋል። ኤን ወይም ኦ ቢሉት ያለውን ይጠብቃል፤ አዲሱን በጎን ያኖራል። ዲ የሁለቱን ልዩነት ያሳያል፤ ዜድ ለጊዜው ወጥተው እንዲመለከቱ ያደርጋል። ዝም ብለው የማስገቢያ ቁልፉን ቢመቱ ያለው ይጠበቃል። አርፒኤም ግን ጨርሶ አይጠይቅም። እንደ ጥቅሉ ሠሪ ፈቃድ ወይ አዲሱን በጎን ያስቀምጠዋል፣ ወይ አሮጌውን ገለል አድርጎ አዲሱን ያስገባል። በየትኛውም መንገድ የተሻረው ፋይል በአጠገቡ ይገኛል፤ ቅጥያ ስሙን ለሚያውቅ ሰው።

አንድ ተጨማሪ እንግዳ ሕግ አለ። የማዋቀሪያ ፋይል የተበላሸበት ሰው ፋይሉን በእጁ ሰርዞ ጥቅሉን መልሶ ቢጭን፣ ዲፒኬጂ ፋይሉን አይመልስለትም። «ባለቤቱ አስቦበት ያጠፋው ይሆናል» ብሎ ውሳኔውን ያከብራል። እንዲመልስለት የጠፋውን ሙላ የሚል የተለየ አማራጭ መስጠት አለበት። ይህ ሕግ ስንቱን ሌሊት እንዳስነቃ እኔና መሰሎቼ እናውቃለን፤ ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን ጨዋነት ነው።

ከቤተ ሙከራው ስሕተቴ በኋላ በምሠራበት ማሽን ሁሉ አስቀድሜ የምጭነው «ኢቲሲኪፐር» የተባለውን መሣሪያ ነው። ጆይ ሄስ የተባለው የዴቢያን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ሲሆን፣ የማዋቀሪያ ማኅደሩን በጊት መዝገብ ይይዛል፤ አፕት ከመሥራቱ በፊትና በኋላ የነበረውን ሁኔታ በራሱ ይመዘግባል። ያ 0.134 በዚህ መዝገብ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ደብተር ባላስፈለገኝም ነበር።

ከጋሼ ጋር መጀመሪያ ዲን ተጫንን። ልዩነቱ በመስመር በመስመር ታየ፤ የመደመር ምልክት ያለው መስመር በአዲሱ የመጣ፣ የመቀነስ ምልክት ያለው የሚወጣ መሆኑን ነገርኳቸው። «ይህማ የሒሳብ ማስታረቂያ ነው!» አሉ መነጽራቸውን ወደ ፊት እየገፉ፤ ከዚያ በኋላ እኔን አላስፈለግኳቸውም። ከእኅታቸው ልጅ ሁለት መስመሮች በቀር የተለየ ነገር እንደሌለ ራሳቸው አረጋገጡና ኤንን ተጫኑ። የሦስት ቀን ሥራ በሃያ ሰከንድ ያህል ተፈጸመ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ማሽኑ ቀኑን በአማርኛ ሊያሳያቸው ይችል እንደሆነ። የቋንቋዎች ዝርዝር ያለበትን የማዋቀሪያ ፋይል ከፈትን። እያንዳንዱ ቋንቋ በአንድ መስመር ሰፍሯል፤ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው የመሰላል ምልክት ከተነሣ ቋንቋው ሥራ ይጀምራል። ጋሼ የአሜሪካን እንግሊዝኛ መስመር ምሳሌ አድርገው ስለፈለጉ የአማርኛውን ቶሎ አላገኙትም፤ ቅርጹ ይለያልና። እንግሊዝኛው «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ አንዱ ከስሙ ጋር ተለጥፎ ነው። አማርኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ቀድሞ ሌላ የፊደል ኮድ ስለነበራቸው አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ ምልክት አስፈለጋቸው። የግእዝ ፊደል ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ በኋላ አማርኛ ወደዚህ ዝርዝር የመጣው በቀጥታ በአዲሱ ነው፤ የሚለይበት አሮጌ አልነበረውም። ከእርሱ ራቅ ብሎ የግእዝ ቋንቋ አራት መስመር ይዟል፤ ሁለቱ ፊደሉን በአበገደ ተራ ለሚደረድሩ ናቸው።

«አበገደ እዚህም ደረሰ?» አሉ ጋሼ፤ ምልክቷን በራሳቸው እጅ አነሷት። ቀኑን ስንጠይቀው ማሽኑ ዕለቱን «እሑድ» ብሎ በአማርኛ ጻፈ፤ ወሩን ግን «ዲሴምበር» አለው። ወደ ታኅሣሥ የሚቀይረው አማራጭ የትኛው ፊደል እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ፊደል የለውም አልኳቸው።